እግር ላይ የሚተኛ ውሻ

የረጠበ ውሻ ሽታ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከራሴ በቀር። የዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ የጣለ ዕለት እኔና ሾኮ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበርን። ሾኮ የልጅ ልጄ የኖአ ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሰነፍ። እሷ ውትድርና ስትገባ እኛ ሽማግሌዎቹ ላይ ጥላው ሄደች። ዝናቡ ከባሕሩ በኩል ድንገት መጣና ቤታችን እስክንደርስ አበሰበሰን። ደረጃው ሥር ስንገባ ሾኮ ቀጥ ብሎ ቆመና ራሱን አራገፈ፤ ግድግዳውን ሁሉ ረጨው። ከታች ያለችው ጎረቤታችን በሯን ከፍታ አየችን፣ አፍንጫዋን ያዘች፣ መልሳ ዘጋች። እኔ ግን የደረጃውን ብረት ይዤ ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ሽታ እኮ የጂንጂ ሽታ ነው! ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የት ተደብቆ እንደቆየ እንጃ፤ የያኔዋን አሸዋማ ሰፈራችንን ክርያት ሐይምን፣ የልጆቼን ሳቅ፣ እናቴን ሁሉ ይዞ መጣብኝ።

ትዝታዬን ሳልጨርስ ሾኮ ቀድሞኝ ወጣ። ባለቤቴ ታየ መስኮቱ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል። ሾኮ ሁልጊዜ ከውጭ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ምግብ ሳህኑ ነው። ያን ዕለት ሳህኑን አልፎት ሄደና ታየ እግር ላይ ሙሉ ሰውነቱን ዘርግቶ ተኛ። ከዚያ እንደ ሰው «ኡፍፍ» አለ። አለቀ፣ ይኸ ውሻ አወቀብኝ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታየ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ደሴ፣ ደቡብ ነበር የሚኖሩት። ከዚያ ዝናብ በፊት ባለው ሳምንት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ክርያት ሐይም ያለን ዘመድ ሁሉ ሄዷል፤ ከክርያት አታም፣ ከክርያት ቢያሊክም። እኔም «ሩቲ ጋ ነው የምውለው» ብዬ ዋሽቼ ሄጄ፣ አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ያልሰማው ታየ ብቻ ነው። በበጋ ልቡን ከፍተው ጠግነውለታል፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኘው ብሎ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ፤ የሐኪም ቀጠሮው ይለፍ፣ ትንሽ ይበርታ፣ ከዚያ በወጉ እናረዳዋለን አሉ። ቀጠሮው አለፈ፣ ሐኪሙም ደኅና ነው አለ። በዝናቡ ማግስት ማለዳ ሊመጡ ተነጋግረናል። እስከዚያ ድረስ መርዶው እኔ ሆድ ውስጥ ነበር። እኔ ደግሞ እንኳን ሞትን፣ ለልደት የተገዛ ሸሚዝ መደበቅ የማልችል ሴት ነኝ።

ልጄ ሩቲ በዚህ ነገር ተጣልታኛለች። «ኢማ፣ ዘ ሎ ቤሰደር፣ ይሄ ልክ አይደለም። አባ ትልቅ ሰው ነው፣ ወንድሙ ነው፣ አሁኑኑ ንገሪው» ትላለች። የዛሬ ልጆች መርዶ በስልክ ነው የሚያረዱት፤ ጽሑፉ አጠገብ የሚያለቅስ ፊት ይለጥፉበታል፣ በቃ። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ሰው ለብቻው አይነገረውም። ማለዳ ሥራ ሳይጀምር፣ ሆዱ ገና ምንም ሳይዝ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንግግር የሚያውቅ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ ነው። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ መዘጋጀት አለበታ! ይህን ለሩቲ አስረዳኋት። «እሺ ግን ካወቀስ?» አለችኝ። እኔንም ያስፈራኝ እሱው ነው፤ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ፊት ቢያውቀውስ፣ ለብቻው ሳለ ልቡ ቀጥ ቢልስ?

ጋሼ ደሴ ደግሞ ዘወትር ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ይደውሉ ነበር። «ታየ፣ አለህ?» ይላሉ፤ እሱ «አለሁ ጋሼ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ስለ ጉልበት ሕመም ነው። በዚያች ዓርብ ስልኩ አልጮኸም። ታየ ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቀ። «ስልካቸው ተበላሽቷል ብላለች ልጃቸው» አልኩት፤ ድስት የማማስል መስዬ ጀርባዬን ሰጥቼው። «ቤሰደር፣ እሺ» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ተመስገን አልኩ።

በቀደም ቴሌቪዥን ላይ ስለ ውሾች ሲከራከሩ ነበር፤ ውሻ ባለቤቱ በልቡ ያሰበውን ያውቃል ወይስ አያውቅም እያሉ። አንዱ ባለ መነጽር ውሻ የሚያየው የሰውን ፊትና እጅ ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ የለም፣ ሰው ሲፈራም ሲያዝንም ላቡ ይለወጣል፣ እሱን ያሸታል አለች። ኖአ ከጦር ሰፈሯ ደውላ «ሳብታ፣ አየሽው? አንቺ ምን ታስቢያለሽ፣ ሾኮ ያውቅሻል?» አለችኝ። ለአያቷ «አንቺ» ነው የምትለኝ፤ ተውኩት፣ ለምጄዋለሁ። «የኔ እመቤት፣ ይኸንን ለመጠየቅ አርፍደሻል፤ ጂንጂ የሚባል ውሻ ነበረን፣ እናትሽን ጠይቂያት» አልኳት።

ያኔ ክርያት ሐይም እንዲህ አልነበረችም። ከቤታችን እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ግማሹ አሸዋ ነው፤ ጫማ ውስጥ ገብቶ አልጋ ድረስ ይከተላል። ጣቢያው ጥግ ላይ አንዲት ኪዮስክ ነበረች። ባለቤቷ ከሮማንያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሬዲዮኑን ጮክ አድርጎ እየከፈተ የሱፍ ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሸጣል፣ ለሩቲም አንድ ከረሜላ ይመርቅላታል። በጥቂት ሳንቲም ፈላፈል፣ ያ የሽምብራ ጥብስ፣ ተበልቶ ይጠገብ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የስልክ መጠገኛ ነው። ታየ ከገበያ የገዛው ቆዳ የሚመስል ጥቁር ጃኬት ነበረው፤ በሐምሌ እንኳ አያወልቀውም። እዚህ አገር ሐምሌ እሳት መሆኑን ለማመን ዓመታት ፈጀበት። ሩቲ ስትራመድ ተረከዙ ላይ መብራት ቦግ ቦግ የሚል ጫማ ነበራት፤ እኛ ደግሞ ያን መብራት እንደ ተአምር እናየው ነበር። እኔ ነጠላዬን ከጂንስ ኮት በላይ ደርቤ በማለዳ አውቶቡስ እይዛለሁ፤ ክርያት ቢያሊክ አንድ የሽማግሌዎች መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ካሮት ስልጥ ነው የምውለው። ታየ ከባሕረ ሰላጤው ዳር አንድ የብረት ፋብሪካ ይሠራል። ማታ ማታ ስንገናኝ እኔ ሽንኩርት፣ እሱ ብረት ብረት እንሸታለን፤ ግን ወጣቶች ነበርን፣ ምን ቸገረን!

ካሴትም ነበረችን። አንድ የአገራችን ሰው ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍንባት፣ ስንት እጅ አልፋ የመጣች ካሴት። ስለ እናት የሚያዜምበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ዘፋኙ አይደለም የሚንቀጠቀጠው፣ ካሴቷ ናት፤ እዚያ ላይ ተበጥሳ ታየ በጥፍር ቀለም ቀጥሏታል። ዘወትር ዓርብ እየጠረግን፣ እያበሰልን፣ እሷን እንሰማለን። እዚያ ቦታ ስትደርስ እኔ መጥረጊያዬን አቆማለሁ። እናቴ አገር ቤት ነበረች። እኛ ስንወጣ አባቴ ታሞ አልጋ ይዞ ስለነበር እሱን ጥላ አልሄድም ብላ ቀረች። አባቴ ካረፈ በኋላ ጎንደር ከተማ ወርዳ፣ ቤት ተከራይታ፣ ወደዚህ የምትመጣበትን ተራ ትጠብቅ ነበር። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እየተባለ ዓመታት ሄዱ።

ጂንጂን ያመጣችው ሩቲ ናት። ጣቢያው ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር አግኝታ በሹራቧ ሸሽጋ ይዛው ገባች። ጠጉሩ ቀይ ስለሆነ እንደዚህ አገር ሰው «ጂንጂ» አለችው። ታየ ሲያየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ በሉ! ውሻ? ቤት ውስጥ? ሰንበት የሚበላበት ቤት ውስጥ?» እውነቱን ነው። እኛ አገር ውሻ ቦታው ደጅ ነው፤ ሰው ከነካው ሳይታጠብ እህል አይነካም። አባቴም ውሻ ነበረው፤ ስሙን «ምን አገባህ» ብሎ ያወጣለት ወሰን ላይ የሚጨቃጨቀውን ጎረቤታችንን ለማናደድ ነው። ማለዳ ማለዳ ደጅ ወጥቶ «ምን አገባህ! ና ወዲህ!» እያለ ይጣራል፤ ጎረቤትየው ያብዳል። ያ ውሻ እኛ ልንወጣ የተማከርን ሰሞን እህል መቅመስ አቆመ። ለነፍስ አልተናገርንም፤ ጓዝ እንኳ አላሰርንም። እሱ ግን በሄድኩበት ሁሉ እግር በእግር ይከተለኛል። እናቴ አይታው «ልጄ፣ ይኸ ከሰው በፊት ሰምቷል» አለችኝ። ታየ አላመነም፤ ውሻው አሞት ነው አለ። እኔ ያኔም አምኛለሁ።

እና ሩቲ አለቀሰች፣ ታየ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ሰገነቱ ላይ ይደር ተባለ። ከሳሎን አጠገብ ያለው ሰገነት በመስተዋት የተዘጋ፣ እንደ ትንሽ ክፍል የሆነ ነበር። ታየ «ከዚህ መስመር አያልፍም» ብሎ ደፍ ላይ በእግሩ አሳየው። ጂንጂም ገባው። ማንም ሲያየው አያልፍም፤ ዞር ስንል ሳሎን ነው። ታየ በሆዱ «አሁን ዞር ልበልና ልያዘው» ብሎ ያሰበ እንደሆነ ግን ውሻው ንቅንቅ አይልም። «ይኸ ጉደኛ ልቤን ያያል እንዴ!» ይላል ታየ፤ ይስቃል፤ ግን አይነካውም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን በእጁ ዳስሶት አያውቅም።

እኔና ታየ በእሱ ነገር ስንከራከር ነበር የምንውለው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበሩትን ሰዎች ሳይ እኛኑ መሰሉኝ። ገላውን ላጥበው ባሰብኩ ቀን፣ ገና ባልዲውን ሳላነሣ፣ አልጋ ሥር ነው። ሥራ ልሄድ ስል ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ያየኛል፤ ወደ ባሕሩ ልንወርድ ስንል ግን ገና ከወንበሬ ሳልነሣ በሩ ላይ ይሽከረከራል። «ጫማሽን አይቶ ነው» ይላል ታየ። «ጫማዬ እኮ አንድ ነው!» እለዋለሁ። አንድ የበዓል ቀን ልንፈትነው ተስማማን። የሥራ ልብሴን ለበስኩ፣ ሻሼን አሰርኩ፣ ቦርሳዬን አንጠለጠልኩ፣ «ቻው፣ ሥራ ሄድኩ» ብዬ በሩን ከፈትኩ። ጂንጂ አየኝ፣ አዛጋ፣ ከዚያ ሄዶ የባሕር ኳሱን በአፉ ይዞ መጣ። እውነትም ልቤ ባሕሩ ጋ ነበር። ሩቲ እየሳቀች መሬት ላይ ተንከባለለች። ታየ «በዓል መሆኑን በወጡ ሽታ አውቆ ነው» አለ፤ መቼ ይሸነፍልኛል! ታዲያ ያን ዕለት የግድ ወረድን፤ ከባሕሩ ዳር ስንመለስ ዘነበብን፤ ጂንጂ ደረጃው ላይ ራሱን አራገፈ፤ እነሆ ያ ሽታ።

ከዚያ አረገዝኩ፤ ሁለተኛ ልጄን። በዚያው ወራት እናቴ ተራዋ ደርሷል የሚል ወሬ መጣ። ደስታዬን የት ላኑረው! ገበያ ወርጄ ውስጡ ጠጉር ያለው የክረምት ነጠላ ጫማ ገዛሁላት፤ አበባ ያለበት የቤት ቀሚስም። እግሯን ብርድ ስለሚያማት ነው። ዓርብ ዓርብ ጫማውን ከሳጥኑ አወጣና «ይበቃት ይሆን?» እያልኩ በእጄ እለካዋለሁ።

አንድ ምሽት ታየ ከሥራ ሲገባ ጂንጂ ሊቀበለው አልሄደም። ሁልጊዜ እስከ ደፉ ድረስ ሄዶ ጅራቱን የሚቆላው ውሻ፣ ያን ዕለት ታየን ከሩቅ አየውና ዞሮ መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። እዚያው ደፉን ተሻግሮ፣ ሳሎን መሐል፣ በሁላችን ፊት። ታየ አልተቆጣም። እሱ ነው የገረመኝ፤ ዝም ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጂንጂ ከእግሬ አልለይ አለ። ሩቲ ኳስ ብታሳየው አይነሣም። የእናቴን ጫማ ባወጣሁ ቁጥር ታየ አንድ ነገር የረሳ ይመስል ከክፍሉ ይወጣል፣ ጂንጂ ደግሞ ይመጣል። ዓርብም ካሴቷ ዝም አለች። «ምነው?» አልኩት። «ተበላሸች» አለኝ። «ይቀጥሏታ» ስለው «ይኸኛው አይቀጠልም» አለና ወጣ። ገበያ ስሄድ ሴቶቹ ሲስሙኝ ረዘም እያደረጉ ነው የሚይዙኝ። እኔ ሆዴ ገፍቶ ስለሆነ አዝነውልኝ ነው ብዬ እስቃለሁ። ሞኝ!

አንድ ቀን ታየ «ክርያት አታ ግቢ ያለው ሰው አለ፤ ይኸን ውሻ እንስጠው፣ አበዛው» አለኝ። ፊቱ ጠቁሯል። «ምን አደረገዎት?» አልኩት። «ያየኛል» አለ። «ሲያይዎት ምን ይላል?» «እንጃ፤ ያየኛል።» ያኔ ገና «አንቱ» ነበር የምለው፣ እንደ አገር ቤት ወግ፤ «አንተ» ማለት የጀመርኩት በዚያች ቀን ነው። «ውሻው የሄደ ቀን እኔም ልጅህን ይዤ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሰማህ?» ብዬ ጮኽኩበት። እሱም እንደ ተመታ ሰው ቁጭ አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጣ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኑ እንባ ሞላ። ስለ ሆዴ ተጨንቆ ነው ብዬ ራራሁለት።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። አገር ቤት አራስ ሴት ከሰፈሩ ራቅ ብሎ የአራስ ጎጆ ይሠራላታል፤ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት አትገባም። ክርያት ሐይም ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጎጆ ከየት ይምጣ? እኔ ደግሞ የእናቴን ወግ መተው አልፈለግሁም፤ ትመጣለች፣ ትጠይቀኛለች ብዬ። ስለዚህ ሰገነቱ ጎጆዬ ሆነ። ፍራሽ ተነጠፈልኝ፣ ምግቤ ለብቻው በሳህን ይመጣል፣ ታየ ከደፉ ወዲያ ቆሞ ያወራኛል። ለጂንጂ ያሰመረው መስመር ለእሱ ሆነ! «አሁን ማን ደጅ ቀረ?» እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ ግን ሳቁ ቶሎ ያልቅበታል። ያን ሁሉ ቀን ከእኔና ከሕፃኑ ጋር የነበረው ጂንጂ ብቻ ነው፤ እግሬ ላይ ተኝቶ።

አርባ ቀኔ ሞልቶ፣ ታጥቤ፣ ቤቴ የገባሁ ማግስት ማለዳ ነበር። ሕፃኑን እያጠባሁ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ፤ የብዙ ሰው ኮቴ፣ ቀስ ያለ። ጂንጂ በደረጃ ድመት እንኳ ካለፈች ፎቁን በጩኸት የሚያናጋ ውሻ ነው። ጆሮውን ቀጥ አደረገ፣ በሩን አየ፣ አልጮኸም። ተነሣና ጭንቅላቱን እግሬ ላይ አኖረ። በሩ ተከፈተ፤ የታየ ዘመዶች፣ የእኔ ዘመዶች፣ የፋብሪካ ጓደኞቹ፤ ከፊት አያ ይርጋው፣ በሰፈራችን መርዶ የሚያረዱት ሰው። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አልለበሱትም፣ ለዚያ ተጠንቅቀዋል። ተቀመጡና «ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለው ጀመሩ። እኔ ግን እሳቸውን አላየሁም። ጂንጂን ነበር የማየው። እግሬ ላይ የተኛበት ወር ሁሉ፣ ካሴቷ፣ የሴቶቹ አሳሳም፣ የታየ እንባ ባንዴ ገባኝ። «እናቴ ናት?» አልኩ። አያ ይርጋው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የተዘጋጁበትን ቃል አንዱንም አልተናገሩም። ሕፃኑን ከእጄ የተቀበለኝን ሰው አላስታውስም።

ሆዴ ከገፋበት ጊዜ ጀምሮ ነበር ደብቀው የያዙት፤ ጽንሱ እንዳይጎዳ፣ ከዚያ ወተቴ እንዳይደርቅ። ታየ ያን ሁሉ ወራት ብቻውን ተሸከመው። ተቀይሜው ነበር፤ በኋላ ቅያሜው ወጣልኝ። ጂንጂም ረጅም ዕድሜ ኖሮ ሞተ፤ ሩቲ ባገኘችበት ባሕር ዛፍ ሥር ቀበርነው። አያ ይርጋው ግን ባገኙኝ ቁጥር፣ በሠርግም በምኑም፣ «ያቺ ቃሌን የቀማችኝ ሴት» ይሉኛል። እየቀለዱ ነው፤ ግን ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ።

እንግዲህ በዚያ ዝናብ ቀን ሾኮ ታየ እግር ላይ ተዘርግቶ ሳይ ይኸ ሁሉ ነው የመጣብኝ። «ና ወዲህ፣ ና ብላ» አልኩት። አልተነሣም። ሥጋ ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ሳህኑን አንኳኳሁ፤ በዓይኑ እኔን አየኝ፣ እዚያው ቀረ። ፎጣ አምጥቼ ላደርቀው ብዬ አጎነበስኩ፤ ዋናው ነገሬ ጎትቼ ላነሣው ነበር።

«ተይው» አለ ታየ።

«እግርህን አረጠበው እኮ።»

«ተይው፣ ይሞቀኛል።» ከዚያ «ጂንጂን ታስታውሽዋለሽ?» አለኝ።

ፎጣውን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ውጭ ባቡር አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ታየ ወደ ውጭ እያየ ነበር።

«ስልኩ ተበላሸ ስትይኝ» አለ፣ «ካሴቷ ትዝ አለችኝ። ያኔውኑ አውቄያለሁ። ቀብሩ አለፈ?»

«አለፈ።»

«አንቺ ሄድሽ?»

«ሄድኩ።»

«ጎሽ» አለ። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የኩፓት ሆሊሟ፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ የሰጠችኝ ኪኒን የት እንዳለ በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ ደረቱን አያለሁ፣ ከንፈሩን አያለሁ። እሱ ግን ደኅና ነው የሚተነፍሰው። «ለምን ዝም አልከኝ ታዲያ? ከዓርብ ጀምሮ!» አልኩት።

«ማወቄን ከነገርኩሽ አንቺን ማን ይይዝሻል? ሰው ሳይኖር እኔና አንቺ ብቻችንን ልናለቅስ ነው? ልቤ እንደሆነ ተሰፍቷል፣ አይዞሽ።» ከዚያ ወደ ሾኮ ጎንበስ አለና «ይኸ ደግሞ እኔን አይደለም ያወቀው፣ አንቺን ነው። የጭንቀትሽን ሽታ እየተከተለ ነው እኔ ጋ የመጣው» አለ።

«ልቤን ነው ያየው» አልኩት፤ እያለቀስኩም እከራከራለሁ።

«እሺ፣ ልብሽን። መቼ ነው የሚመጡት?»

«ነገ ማለዳ።»

«አያ ይርጋው ይመጣሉ?»

«በዱላ ተደግፈው፣ ልጃቸው ደግፋቸው፤ ሌላ ሰው አያረዳውም ብለዋል።»

«እንግዲያው እንዳላወቀ ሰው እሆናለሁ» አለ። «ያኔ ቃላቸውን ቀምተሻቸዋል። ሁለተኛ አንቀማቸውም። ዕድሜያቸውም ሄዷል።»

ማለዳ ኮቴው መጣ። ሾኮ ሊፍቱ ድምፅ ባሰማ ቁጥር የሚጮኽ ውሻ ነው፤ አልጮኸም። ሩቲ ከሁሉም ቀድማ ገባችና አባቷን ሳመችው፤ ሳቅ ለማለት ሞከረች፣ አቃታት። ቤቱ ሞላ። አያ ይርጋው ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ታየ «ትናንት ጀመረ» አለ። ስለ ጤናው ጠየቁ። «ተመስገን ነው» አለ። ስለ አገር ቤት፣ አብረው ስላደጉበት ወንዝ፣ በሱዳን በረሃ ጋሼ ደሴ ስንቱን ሕፃን እንደተሸከሙ ሳይቸኩሉ አወሩ። ታየ ሁሉንም በትሕትና ይሰማል፤ አንድ ጊዜም አላቋረጣቸውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ እንዴት ችሎበታል፣ ይኸ ሰው እኮ ተዋናይ ይወጣው ነበር እላለሁ በሆዴ።

ከዚያ አያ ይርጋው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ታየ፣ ጠንክረህ ስማኝ። ወንድምህ ደሴ አርፏል። እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት።

የታየ ፊት መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሰው መሐል በዓይኑ ፈለገኝ። አገኘኝ። ከዓርብ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው፣ ትናንት «ቀብሩ አለፈ?» ያለኝ ሰው፣ እንደ ሕፃን አየኝና «እውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

«እውነት ነው» አልኩት።

ያኔ ነው የጮኸው። ሰዎቹም ያዙት። እጁ ወደ ታች ሲንጠለጠል ሾኮ ከእግሩ ላይ ቀና አለ፤ ታየም ውሻ ነክቶ የማያውቅ እጁን ጆሮዎቹ መሐል አኖረውና «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለ አለቀሰ።